ድክ ድክ የሚል ሕፃን ከስኪ ውድድር ፊት ቆሞ ምን ያያል?



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በሕፃናት እድገት ትምህርት ስለ ቤት፣ ስለ መዋለ ሕፃናትና ስለ ጨዋታ ብዙ እንናገራለን፤ ሕፃናት ስለሚወሰዱባቸው ሕዝባዊ ትርኢቶች ግን እምብዛም አናነሣም። ይሁን እንጂ ወላጅ ልጁን አዝሎ ወደ ጥምቀት ይወጣል፤ በትከሻው ተሸክሞ ሩጫ ያሳያል፤ ኳስ ሜዳም ይወስዳል። ገና አፉን በመፍታት ላይ ያለ፣ የውድድሩን ሕግ የማያውቅ፣ አሸናፊውን ከተሸናፊው የማይለይ ሕፃን ከዚያ ምን ያገኛል? ምንስ ያስከፍለዋል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የመረጥሁት ምሳሌ በስዊዘርላንድ ተራሮች በየዓመቱ በጥር ወር የሚካሄደው የላውበርሆርን የቁልቁለት ስኪ ውድድር ነው። ምሳሌው ከእኛ የራቀ መሆኑ ይጠቅመናል፤ ከልማድ የተነሣ የማናስተውለውን ነገር በማናውቀው ስፍራ በቀላሉ እናየዋለንና።

በቅድሚያ ውድድሩን እንወቀው። የሚካሄደው መኪና በማይገባባት በቬንገን መንደር ላይ ነው፤ ተመልካች ወደዚያ የሚወጣው በጥርሳም ሐዲድ ላይ በሚሄድ ባቡር ነው። ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ሲሆን፣ መንገዱ 4.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በዓለም ዋንጫ የቁልቁለት ውድድሮች ውስጥ ረጅሙ ነው። ተንሸራታቹ ከመነሻው እስከ መድረሻው ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወርዳል። ምርጦቹ ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይጨርሳሉ፤ እጅግ ፈጣን በሆነው የመንገዱ ክፍልም ፍጥነታቸው በሰዓት ወደ 160 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ለርእሳችን ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የውድድሩ አሠራር ይበልጥ ይጠቅመናል። በሩጫ ተወዳዳሪዎች አብረው ይነሣሉ፤ ቀድሞ የደረሰው አሸነፈ ይባላል፤ ይህን ዓይን ይፈርደዋል። በቁልቁለት ስኪ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ብቻውን ይወርዳል፤ የሚሽቀዳደመው ከሰዓት ጋር ነው፤ አሸናፊውም በሴኮንድ መቶኛ ክፍልፋይ ይለያል። ስለዚህ ውድድሩ ራሱ በዓይን አይታይም፤ የሚታየው የአንድ ሰው መውረድ ብቻ ነው፤ ፉክክሩ ያለው በሰሌዳው ላይ በሚጻፈው ቁጥር ውስጥ ነው። ቁጥር ለማያነብ ሕፃን ፉክክር የሚባል ነገር ጨርሶ የለም።

አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ። ከቆምንበት ስፍራ 200 ሜትር የሚሆነው የመንገዱ ክፍል ይታየናል እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው በሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ በዓይናችን ፊት የሚቆየው ሰባት ሴኮንድ ገደማ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ቢለቀቁ፣ ከየ120 ሴኮንዱ 113ቱ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። አዋቂ ይህን ክፍተት በግምት፣ በወሬና በስሌት ይሞላዋል። የሁለት ዓመት ልጅስ በምን ይሞላዋል?

የእድገት ሥነ ልቦና ለዚህ ጠቃሚ ፍንጭ ይሰጠናል። ማይክል ስካይፍና ጀሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት አጭር ጥናት ሕፃናት ገና በመጀመሪያው ዓመት የአዋቂን ዓይን አቅጣጫ ተከትለው ወደሚያየው እንደሚያዩ አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ «የጋራ ትኩረት» ተብሎ የሚጠራው ይህ ችሎታ በሁለተኛው ዓመት ይጎለብታል፤ ልጁ የተጠቆመለትን ያያል፤ እርሱም በተራው ይጠቁማል፤ ጠቁሞም «አየህልኝ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ፊታችንን ይመለከታል። በዚህ ዕድሜ ዓለምን ማየት ማለት በአብዛኛው ከሌላ ሰው ጋር አብሮ ማየት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥናት ወደ በርን በሄድሁ ጊዜ፣ እዚያ የምትኖር የእህቴ ልጅ የሃያ ወር ልጇን ይዛ ወደ ቬንገን ስትወጣ አብሬያት ወጥቼ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተንሸራታቾች ሲያልፉ ሕፃኑ ወደ ተራራው አላየም፤ ዓይኑ የላም ደወል በሚያንቃጭሉ አንድ ሽማግሌ ላይ ተተክሎ ነበር። እናቱ «ያውና! መጣ!» እያለች በጣቷ ብታሳየውም፣ ጣቷን ተከትሎ ሲዞር የሚያገኘው ሰውየው ያለፈበትን ባዶ በረዶ ነበር። ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ሰው በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ደወሎቹ ከላይ ወደ ታች እየተቀባበሉ ሲመጡ ልጁ በመጀመሪያ እናቱን አየ፤ ቀጥሎ እጁን ወደ ዳገቱ ዘረጋ። ተንሸራታቹ ገና አልታየም ነበር። ሕፃኑ ስለ ውድድሩ ምንም አልተረዳም፤ ነገር ግን ድምፅ ሲቀርብ ሰው እንደሚመጣ፣ ሰው ሲመጣም ሁሉም በአንድነት እንደሚያይ ተረድቷል። ከፊታችን የተማረው ትምህርት ይህ ነበር፤ ለሃያ ወር ልጅም ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ይህ ጥቅም ግን በነፃ አይገኝም። ሒሳቡን የሚከፍለው የልጁ አካል ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ያለው የቆዳ ስፋት ከአዋቂው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ስለዚህ ሙቀቱን ፈጥኖ ያጣል። ራሱ ብቻ ከቆዳው ወደ 17 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል፤ በአዋቂ ግን 7 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ቆብ ለእርሱ ጌጥ አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው የመታዘል ነገር ነው። አዛዩ ዳገት ሲወጣ ይሞቀዋል፤ ታዛዩ ግን ጡንቻውን አያንቀሳቅስምና ይቀዘቅዛል። በአገራችን አንቀልባና ጋቢ የሚያደርጉትን እናስታውስ፤ እናትና ልጅ በአንድ ልብስ ውስጥ ሙቀት ይጋራሉ። ልጅን ከካፖርት ውጭ በክፈፍ ላይ አስቀምጦ በጀርባ መሸከም ያን መጋራት ይቆርጠዋል። እጁን ነክቶ መፍረድም አያስተማምንም፤ አንገቱን ከኋላ መዳሰስ ይሻላል።

ፀሐዩም አለ። ክላይነ ሻይዴክ የተባለው ከመንደሩ በላይ ያለው የባቡር ጣቢያ 2,061 ሜትር ላይ ይገኛል። ከፍታው ከአዲስ አበባ ያነሰ ስለሆነ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ነገር መሬቱ ነው። አዲስ በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚደርስ የአልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚያንጸባርቅ፣ ጨረሩ ከላይም ከታችም ይመጣል፤ ቆብ ብቻውን ዓይንን አይከልልም። ድምፁንም እንመልከት። በገላጣ ስፍራ ከአንድ የድምፅ ማጉያ የራቅንበትን ርቀት በእጥፍ ስናሳድገው የድምፁ ደረጃ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከማጉያው ከአሥር ሜትር ወደ አርባ ሜትር መራቅ 12 ዴሲቤል ያተርፋል፤ ወጪውም ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው።

ወደ ልቡናው እንመለስ። በዚህ ስፖርት ሰው ይወድቃል፤ አንዳንዴም ክፉኛ ይወድቃል። ሕፃኑ ይህን ሲያይ ምን ይሆናል? ጄምስ ሶርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ሙከራ መልስ ይጠቁማል። አንድ ዓመት የሆናቸው ሕፃናት ጥልቀት ያለው በሚመስል በመስተዋት በተሸፈነ ጠርዝ ላይ ቀረቡ። እናታቸው ፈገግ ስትል ከ19ኙ 14ቱ ተሻገሩ፤ ፊቷ ፍርሃት ሲያሳይ ግን ከ17ቱ አንድም አልተሻገረም። ሕፃን የአደጋን ትርጉም የሚያነበው ከሚያምነው ሰው ፊት ነው። ተንሸራታቹ ከመረቡ ጋር ሲጋጭ ልጁ ወደ እኛ ይዞራል። በዚያች ቅጽበት ብንጮኽ፣ የሚያስታውሰው ጩኸቱን ነው፤ ረጋ ብለን «ወደቀ፤ ሰዎች ሊረዱት መጡ» ብንለው፣ መውደቅ ረዳት ያለው ነገር መሆኑን ይማራል።

የእህቴን ልጅ ስለ ምን በዚያ ብርድ እንደወጣች ጠይቄያት ነበር። «ጋሼ፣» አለችኝ፣ «እኔ እንዲህ ያለ በረዶ ያየሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ እስካሁንም እንግዳው ነኝ። እሱ ግን እዚህ ነው የተወለደው። ተራራው የሌላ ሰው እንዳይመስለው ብዬ ነው።» ይህ መልስ በስደት ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ወገኖቻችንን ጥያቄ ይዟል። እኛ «ክረምት» ስንል ዝናብ ነው፤ እነርሱ «ክረምት» ሲሉ በረዶ ነው፤ ልጁ ቃሉን ከእናቱ፣ ነገሩን ከአገሩ ይቀበላል። ሁለቱን ማስታረቅ እንደሚቻል ደግሞ ምስክር አለን። በአዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010ም በቫንኩቨር በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል፤ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ስፖርተኛም እርሱ ነው።

ነገር ግን ሳይንሱ እንድንጠነቀቅ ያስገድደናል። አብዛኞቻችን ከሦስት ዓመት በፊት የሆነብንን አናስታውስም፤ የሃያ ወሩ ልጅም ያን ቀን አያስታውሰውም። ባለቤትነት በአንድ ጉዞ አይተከልም። የሚያስታውሱት አዋቂዎቹ ናቸው፤ ለልጁ የሚደርሰውም በተደጋጋሚ ሲነገረው፣ ፎቶግራፉን ሲያይ፣ በሚቀጥለውም ዓመት ሲመለስ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ተወዳዳሪ መቆየት ምንም አይጨምርም።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ምክር አጭር ነው። ምርጫ ካለ ከቁልቁለቱ ይልቅ ስላሎም ይሻላል፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ አብዛኛው ከመድረሻው ሆኖ ይታያል፤ ተንሸራታቹም በዓይን ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ከማጉያው ራቁ፤ ልጁን አውርዳችሁ በበረዶው ላይ ድክ ድክ እንዲል ፍቀዱለት፤ ወደ ሞቀ ቤት የሚመልሳችሁን ባቡር ሰዓት አስቀድማችሁ እወቁ። ልጁ ከውድድሩ ይልቅ ደወሉን ቢያይ አትከልክሉት፤ አብራችሁት ደወሉን እዩ። ጉዞው ለማን እንደሆነም በሐቀኝነት ጠይቁ። «ለእኔ ነው» ማለት ነውር የለበትም፤ ነውሩ የራሳችንን ናፍቆት በልጁ ጉንጭ ብርድ ማስከፈል ነው።

ተማሪዎቼ ለመጪው ሳምንት በከተማችን ካሉ ሕዝባዊ ትርኢቶች አንዱን መርጣችሁ፣ ለግማሽ ሰዓት ትርኢቱን ትታችሁ በስፍራው ያሉ ሕፃናት ወዴት እንደሚያዩ መዝግባችሁ ኑ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።