የፈተና ድርሰታችሁን ዩኒቨርሲቲው ያነበዋል?

ናይሮቢ ሆነው ለሚያመለክቱ የሐበሻ ልጆች፣ በተለይ ለኢስሊ ሰፈር ልጆች፦ መልሱ እንደ ፈተናው ይለያያል።

በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና (ኬሲኤስኢ) ድርሰቱ የእንግሊዝኛ 3ኛው ወረቀት ላይ ነው። የሚያርመው የኬንያ የፈተናዎች ምክር ቤት ሲሆን ዩኒቨርሲቲው የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው። (ለዲግሪ ቢያንስ ሲ ፕላስ።) የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው አይኤልትስም እንዲሁ፤ የጽሕፈት ነጥባችሁ ለብቻው ይታያል እንጂ የጻፋችሁት አይላክም። የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተናው የኤስኤቲ ድርሰትማ እ.ኤ.አ. በ2021 ለአብዛኛው ተፈታኝ ቀርቷል።

የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ጂአርኢ ላይ ግን ተጠንቀቁ! ውጤት የላካችሁለት ዩኒቨርሲቲ ድርሰታችሁንም አውጥቶ ማንበብ ይችላል። ያማረ የማመልከቻ ደብዳቤ ሰው ጽፎላችሁ የፈተናው ድርሰት ሌላ እጅ ከመሰለ፣ አንባቢው ልዩነቱን ለማየት ብዙ አይቸገርም። ለማስተርስ የምታመለክቱ፣ ደብዳቤውን ራሳችሁ ጻፉት፤ ሌላ ሰው ቢያርመው ይበቃል።