የሌለውን ነገር በእጅ ስለ መዳሰስ

ከደብረ ማርቆስ በላይ፥ በጮቄ ተራራ ግርጌ የሚያርስ ገበሬ፥ በመሬት ውስጥ የተቀበረውን ድንጋይ በዓይኑ አያየውም፤ በእጁም አይነካውም። ነገር ግን የማረሻው ጫፍ በገጨው ጊዜ ግፊቱ በእርፉ እንጨት አልፎ ወደ መዳፉ ይደርሳልና፥ ድንጋይ ወይም ሥር ወይም የደረቀ ጓል መሆኑን ወዲያው ለይቶ በሬዎቹን ያቆማል። ይህን ልብ ያለ ሰው፥ የዘመናችን ሊቃውንት በኮምፒዩተር በተሠራ ምናባዊ ዓለም ውስጥ የሌለውን ነገር እንዳለ አድርገው በእጅ የሚያስዳስሱበትን ጥበብ ለመረዳት አይቸገርም። ምትሐት ነው የሚሉ ሰዎች አሉና፥ አለመሆኑን እንገልጻለን። ዓመታቱ ኹሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የመዳሰስ ስሜት አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው የቈዳ ነው። ብራና የሚፍቅ ሰው ጠጕር የነበረበትን ገጽና ሥጋ የነበረበትን ገጽ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይለያል፤ በአንድ እጅ መዳፍና ጣቶች ውስጥ መነካትን የሚቀበሉ 17,000 ያህል የነርቭ ጫፎች እንዳሉ ሊቃውንት ገምተዋልና። ኹለተኛው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ነው፤ ክብደትንና ግፊትን የምናውቀው ይልቁንም በዚህ ነው።

ዓይንን ማታለል ቀላል ነው። በሲኒማ በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ቢያልፍ ዓይን እንደ ሕያው እንቅስቃሴ ይቀበለዋል። እጅ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለልም። ዓይን ያየውን አይገፋም፤ እጅ ግን ይገፋል፤ የገፋውም ነገር መልሶ ካልገፋው ባዶ መሆኑን ያውቃል።

በ1994 ዓ. ም. ቶማስ ማሲና ኬኔት ሳሊስበሪ የተባሉ ኹለት አሜሪካውያን፥ ፋንተም የሚባለውን መሣሪያ በጽሑፍ ገለጡ። (ሐሳቡ የቀደመ ነው፤ ፍሬደሪክ ብሩክስ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በ1967 ጀምሮት ነበር።) አሠራሩም እንዲህ ነው። ሰውየው የጣቱን ጫፍ በትንሽ ቆብ ውስጥ ያገባል፤ ቆቡ በጠረጴዛ ላይ ከቆመ የብረት ክንድ ጋራ ተያይዟል፤ ኮምፒዩተሩም ጣቱ ያለበትን ስፍራ ይለካል። ምናባዊው ድንጋይ ከዚህ ይጀምራል ከተባለው ወሰን ጣቱ ያለፈ እንደ ሆነ፥ ሞተሮቹ ወደ ኋላ ይገፉታል፤ ጠልቆ በገባ መጠን ግፊቱ ይበረታል። ይህም ልክ በአንድ ሴኮንድ 1,000 ጊዜ ያህል ይታደሳል። ቢዘገይ ድንጋዩ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፥ ወይም ይንቀጠቀጣል።

ዛሬ በገበያ የሚሸጥ ጓንትም አለ፤ እየተርገበገበ ቈዳን ያስደስታል። ነገር ግን በምንም ላይ ያልተተከለ ጓንት ክንድን ሊያቆም አይችልም፤ ግድግዳ ቢያሳዩት ሰውየው እጁን ዘርግቶ ያልፈዋል። ስለዚህ ነጋዴዎቹ ከሚሉት ጥቂት ቀንሶ ማመን ይገባል።

ነገሩ ለጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህች ትንሽ መጽሐፍ ባልጻፍነው ነበር። ዳ ቪንቺ የተባለው የቀዶ ሕክምና መሣሪያ በአሜሪካ በ2000 ተፈቀደ። ሐኪሙ ከበሽተኛው ርቆ ተቀምጦ በእጀታ ያዝዘዋል። ነገር ግን የሚሰፋበትን ክር ያየዋል እንጂ ውጥረቱ በእጁ አይሰማውም ነበርና፥ ክሩ እንዳይበጠስ ሥጋውም እንዳይቀደድ በዓይኑ መገመት ነበረበት፤ እርፍ ሳይጨብጥ ከሩቅ እያየ እንደሚያርስ ገበሬ ማለት ነው። ግፊቱን ወደ እጅ የሚመልስ አዲሱ ዓይነት የተፈቀደው በ2024 ነው። በሆላንድ አገር በአምስተርዳምም የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በሌለ ጥርስ ላይ መሰርሰርን ይለማመዳሉ፤ እጃቸው ቢስት የሚታመም ሰው የለም።

መምህራን ይህን ለማስረዳት ውድ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። የአንዱን ልጅ ዓይን በነጠላ ሸፍነው፥ በትር አስይዘው፥ በጫፉ ድንጋይ፥ ሣርና ጭቃ እያፈራረቁ ያስነኩት። እያንዳንዱን በስሙ ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ «በየት በኩል ተሰማህ?» ብለው ቢጠይቁት፥ ብዙውን ጊዜ መዳፉን ትቶ የበትሩን ጫፍ ያመለክታል።