ጭፈራም ይጻፋል

በጣርማ በር፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ያላችሁ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ ባሌት ነው።

ባሌት ምንድን ነው? ባሌት በመድረክ ላይ የሚታይ የፈረንጅ ጭፈራ ነው። ጨፋሪው አይናገርም፤ አይዘፍንም። ሙዚቃው ይመታል፤ እሱ በእግሩ፣ በእጁና በፊቱ ታሪክ ይነግራል። መነሻው የጣልያን መሳፍንት ግብዣ ነው። ቀጥሎ ፈረንሳይ ገባ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ራሱ ጨፋሪ ነበር። ንጉሥ ሲጨፍር እስቲ አስቡት! እሱም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1661 በፓሪስ የጭፈራ አካዳሚ አቋቋመ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

የእኛ እስክስታ ኃይሉ ከወገብ በላይ ነው፤ ትከሻ ይርገበገባል፣ አንገት ይሰበቃል። የባሌት ኃይል ከእግር ይነሣል። ሴቶቹ በጣታቸው ጫፍ ይቆማሉ። ለዓመታት ያልተለማመደ አይችለውም፤ እንዳትሞክሩት። ተማሪው መጀመሪያ የሚማረው አምስት የእግር አቋቋም ነው። ተረከዝ ከተረከዝ ገጥሞ ጣቶች ወደ ውጭ ሲዞሩ አንደኛው ነው። እንደዚያው ሆኖ እግሮቹ ሲራራቁ ሁለተኛው ነው። አምስቱ ለባሌት ተማሪ ሀሁ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ1877 በሞስኮ «የስዋን ሐይቅ» የሚባል ባሌት ታየ። ስዋን ነጭ፣ አንገተ ረጅም፣ ዝይ የሚመስል የውሃ ወፍ ነው። ታሪኩ በአስማት ወፍ ስለሆነች ልጃገረድ ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ቻይኮቭስኪ በወረቀት ጽፎታልና ዛሬም ይሰማል። የዚያን ጊዜው ጭፈራ ግን ጠፍቷል። ለምን? አልተጻፈማ! ጨፋሪዎቹ ሲሞቱ እርምጃውም አብሯቸው ሄደ።

በ1895 ፔቲፓና ኢቫኖቭ የተባሉ ሰዎች በፒተርስበርግ ለዚያው ሙዚቃ አዲስ ጭፈራ አወጡለት። ይኸኛው አልጠፋም። ስቴፓኖቭ የሚባል ጨፋሪ ጭፈራ የሚጻፍበት ምልክት ፈጥሮ ነበር። በ1892 ያሳተመው መጽሐፍ ስሙ «የሰው አካል እንቅስቃሴ ፊደል» ነው። ምልክቶቹ ሙዚቃ በሚጻፍበት መስመር ላይ ይሰፍራሉ፤ የትኛው እግር እንደሚነሣ፣ የትኛው መገጣጠሚያ እንደሚታጠፍ ያሳያሉ። ከ1917ቱ የሩሲያ አብዮት በኋላ ሰርጌዬቭ የተባለ ሰው በዚህ ምልክት የተጻፉትን ደብተሮች ይዞ ከአገሩ ወጣ። በ1934 በደብተሮቹ እየተመራ ያንን ባሌት ለለንደን ጨፋሪዎች አስጠና።

የእኛስ ጭፈራ? በ1965 ማርቲንና ሻሮሺ የተባሉ ሁለት የሀንጋሪ አጥኚዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ጭፈራና ዜማ ቀድተዋል። ግን ሁለት ሰው አገሩን ሁሉ እንዴት ያዳርሳል? በይፋት አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው አብሮ ይኖራል። እናንተም የየሠርጉን ጭፈራ ታውቁታላችሁ። ታዲያ የድሮውን አጣርቶ የሚያውቀው ማን ነው? ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ናቸው።

እናንተ ደግሞ አሁን መጻፍ ችላችኋል። የስቴፓኖቭን ምልክት መማር አያስፈልጋችሁም። ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ አንድ አባት ወይም ወደ አንዲት እናት ሂዱ። ቀስ ብለው እንዲያሳዩዋችሁ ለምኑ። የቀበሌውን ስም፣ የጭፈራውን ስም፣ መቼ እንደሚጨፈር ጻፉ። ማን ይጀምራል? ወንድና ሴት እንዴት ይቆማሉ? ቀኝ እግር ይቀድማል ወይስ ግራ? ትከሻው የሚመታው ከጭብጨባው ጋር ነው ወይስ በመሐል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መስመር ይበቃል። ከዚያ የጻፋችሁትን ላሳዩዋችሁ ሰው አንብቡላቸው፤ የተሳሳተ ካለ ያርሟችኋል።