የካንሰር መድኃኒቱ የተሞከረው በማን ሰውነት ላይ ነው?

«የካንሰር መድኃኒት ተገኘ!» የሚል ፖስት በየጊዜው ይላክልናል። በ2022 እ.ኤ.አ. የተዛመተውን ሳታስታውሱት አትቀሩም፦ ኒውዮርክ ውስጥ ዶስታርሊማብ የወሰዱ 12 የፊንጢጣ ካንሰር ታማሚዎች ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። እውነት ነው። ግን የሠራው የተለየ የዘረመል ባሕርይ ላለው ዕጢ ነው፤ ከ100 የፊንጢጣ ካንሰር ታማሚዎች እንዲህ ዓይነት ዕጢ ያላቸው ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። ሼር ሲደረግ ይቺ መስመር ትቀራለች።

አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ የሚሞከረው በደረጃ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ የሚፈለገው ሰውነት ምን ያህል መጠን ይችላል የሚለው ነው፤ ማዳኑ ገና አልተረጋገጠም። በሁለተኛው ዕጢው ይቀንስ እንደሆነ ይታያል፤ የኒውዮርኩ እዚህ ላይ ነበር። በሦስተኛው ብዙ ታማሚዎች በዕጣ ይከፈሉና አዲሱ መድኃኒት ከነባሩ ሕክምና ጋር ይወዳደራል።

ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የምትከታተሉን «እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባናል። ታሞክሲፈንን እንይ። ለአንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነቶች የሚሰጥ ክኒን ነው፤ አሜሪካ ለተሠራጨ የጡት ካንሰር የፈቀደችው በ1977 ነው። ለጨረር ሕክምና ከመንዝ አዲስ አበባ መመላለስ ለሚከብዳት እናት፣ ቤቷ ሆና የምትውጠው ክኒን ትልቅ ነገር ነው። ይህ ክኒን ግን በደንብ የሚሠራው ጉበት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ነው። ለዋጩ ሲዋይፒ ቱዲ ሲክስ የሚባል ኢንዛይም ነው።

በ1996 እ.ኤ.አ. እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ኢንዛይም የሚያመርተው ዘረመል ትርፍ ቅጂ አላቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ከ100 ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። ስለዚህ ስዊድን ውስጥ ብቻ የተሞከረ መድኃኒት የእኛን ነገር ሊያሳይ አይችልም።

ጉዳዩ በተለይ ኮዴይን በሚባለው የሕመም ማስታገሻ ላይ ይከብዳል። ያው ኢንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ላይ የተለመደው መጠን እንኳ ሊበዛ ይችላል። የምታስታምሙት ሰው ኮዴይን ወስዶ ከባድ ድብታ ከያዘው ወይም ትንፋሹ ከዘገየ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። (ይህን አንብባችሁ ደግሞ ታሞክሲፈን እንዳታስቆሙ፣ አደራ! ሐኪሙን ጠይቁ።)

እዚሁ አገራችን ውስጥ ሙከራ ላይ ግቡ ከተባላችሁስ? ስንተኛው ደረጃ እንደሆነና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። ቅጹ በምትረዱት ቋንቋ ሳይብራራላችሁ አትፈርሙ። ከፈረማችሁ በኋላም በፈለጋችሁት ቀን መውጣት መብታችሁ ነው፤ በዚህ የተነሳ የተለመደው ሕክምና አይከለከልም። ለሙከራው መድኃኒት ብር አምጡ የሚል ካለ ተጠራጠሩ። አፍሪካ ውስጥ የተመዘገቡ ሙከራዎችን የፓን አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ድረ ገጽ ላይ በስልካችሁ መፈለግ ይቻላል። ኔትወርክ ሲኖር ማለታችን ነው።