የሰርቨር ማኅደር በር፦ ለማን ይከፈት? ለማንስ ይዘጋ?

የአርሶ አደሩ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የከተማው ነዋሪ የቦታ ካርታና የተማሪው ውጤት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተሻገሩ ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉ ሰነዶችን በድረ ገጽ ሰርቨር ላይ ሲያስቀምጥ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። ማኅደሩን ማን ይከፍተዋል?

የሰርቨር አሠራር ከመዝገብ ቤት ጋር ይመሳሰላል። ባለጉዳይ የወረቀቱን ስም ጠቅሶ ሲጠይቅ ሠራተኛው አውጥቶ ይሰጠዋል። ስም ሳይጠቅስ መደርደሪያውን ብቻ ቢጠይቅ፣ ያልተከለከለ ሠራተኛ በመደርደሪያው ያለውን ሁሉ ያነብለታል። አፓቼ የተባለው የሰርቨር ሶፍትዌርም በማኅደሩ ውስጥ መግቢያ ገጽ ካጣና ዝርዝር ማሳየት ከተፈቀደለት የፋይሎቹን ስም በሙሉ ይዘረዝራል። ይህን ለመዝጋት በማዋቀሪያው ፋይል «ኦፕሽንስ» በሚለው መስመር «ኢንዴክስስ» ከሚለው ቃል ፊት የመቀነስ ምልክት ማኖር ይበቃል። ኤንጂንኤክስ በተባለው ሌላ ሶፍትዌር ግን ዝርዝር ማሳየት ከመነሻው ዝግ ነው።

ሁለተኛው በር የኮምፒውተሩ የራሱ ፈቃድ ነው። በሊነክስ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስፈጸም 1 ተብለው ይቆጠራሉ፤ ለማኅደር ሲሆን 1 ወደ ውስጥ መግባት ማለት ነው። 755 የተሰጠው ማኅደር ለባለቤቱ ሁሉንም ይፈቅዳል፤ ለሥራ ቡድኑና ለሌሎች ተጠቃሚዎች ማንበብና መግባትን ብቻ። ለተራ ፋይል 644 የተለመደ ነው። 777 ግን በኮምፒውተሩ ላይ ላለ ለማንኛውም ተጠቃሚ የመጻፍና የመደምሰስ መብት ስለሚሰጥ የጎተራን በር ሳይዘጉ እንደ ማደር ይቆጠራል።

እነዚህ ቁጥሮች የሚለዩት በኮምፒውተሩ ላይ ያሉ ተጠቃሚዎችን እንጂ በበይነ መረብ የሚመጡ እንግዶችን አይደለም። የሰርቨሩ ሶፍትዌር ማንበብ የቻለውንና በድረ ገጹ ማኅደር ያገኘውን ሰነድ ሌላ ክልከላ ከሌለ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል። ስለዚህ የግል ሰነድ ከድረ ገጹ ማኅደር ውጭ ሊቀመጥና የጠያቂው ማንነት ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ሊሰጥ ይገባል።

ዝርዝሩን መደበቅ ብቻውን እንደማይበቃ በአሜሪካ የደረሰ ጉዳይ ያሳያል። እ.ኤ.አ በ2019 ፈርስት አሜሪካን በተባለ የቤትና የመሬት ሰነድ ዋስትና ሰጪ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ 885 ሚሊዮን ገደማ ፋይሎች ያለይለፍ ቃል ሊታዩ ይችሉ እንደነበር ተገልጿል። የአንድ ሰነድ አድራሻ የያዘ ሰው ቁጥሩን በመቀየር ብቻ የሌላውን ሰው ሰነድ ማየት ይችል ነበር።

በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚይዙ አካላት ጥበቃ እንዲያደርጉለት ያስገድዳል፤ የመቆጣጠር ሥልጣኑም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ባለሙያ ሥራውን በቀላሉ መፈተሽ ይችላል። ከመለያው ወጥቶ የማኅደሩን አድራሻ በማሰሻው ላይ ይጻፍ፤ ቀጥሎም የአንዱን ሰነድ ሙሉ አድራሻ ይሞክር። ለሁለቱም 403 የሚል የክልከላ መልስ ወይም የመግቢያ ገጽ ከመጣ በሩ ተዘግቷል። የስም ዝርዝር ወይም ሰነዱ ራሱ ከተገለጠ ግን የአርሶ አደሩ ስም፣ ፎቶግራፍና የማሳ ስፋት ለማንም ክፍት ነውና ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።