የመዝናኛው ዋጋ ሲጨምር ደስታው ለምን ቀነሰ?

ለቤተሰብ ዕረፍት የምናወጣው ብር የት ይገባል? ሐይቅና አምባሰልስ ምን ያስተምሩናል?

ክረምት ሲቃረብ በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ዘንድሮ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሚጠበቀው ደሞዝ አንድ ነው፤ ነሐሴ ላይ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ተራቸውን ይጠብቃሉ። እናት ስልኳ ላይ ሒሳብ ትደምራለች፣ አባት «እስቲ እናያለን» ይላል፣ ልጆቹ ደግሞ የጎረቤት ልጅ የተንሸራተተበትን የውሃ ሸርተቴ እያነሱ ይወተውታሉ።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ይመረጣል። ቤተሰቡ ይሄዳል፣ ይከፍላል፣ ይሰለፋል፣ እንደገና ይከፍላል። ማታ ቤት ሲገባ ሁሉም ደክሞታል። «ይሄን ሁሉ ብር አውጥተን ምን አገኘን?» ብለው ካወቁ ብቻዎን አይደሉም።

የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው። ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ፣ ደንበኛስ ለምን እሺ ብሎ እንደሚከፍል ማሰብ የዕለት እንጀራዬ ነው። ዛሬ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከከፋዩ ቤተሰብ ጎን ተቀምጬ ነገሩን አብረን እንድናየው እፈልጋለሁ።

ዋጋው ለምን ናረ?

በመጀመሪያ ለመዝናኛ ቦታዎቹም ፍትሐዊ እንሁን። የሚጋጩት መኪናዎች፣ የጌም ዞን ማሽኖች፣ የውሃ ሸርተቴው ፓምፕና መለዋወጫው በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም በኋላ መውጣቱን ቀጠለ። የነዳጁ፣ የምግብ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ ዋጋም አብሮ ተነሳ። የአብዛኛው ቤተሰብ ደሞዝ ግን በዚያ ፍጥነት አልሄደም።

ሁለተኛው ምክንያት የቦታ ጉዳይ ነው። ድሮ ልጅ በነፃ የሚቦርቅበት የሰፈር ሜዳ በብዙ ቦታ ሕንፃ ሆኗል። ሜዳ ሲጠፋ መጫወት ራሱ የሚገዛ ነገር ይሆናል። በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክና በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ለከተማው ቤተሰብ ተጨማሪ አማራጭ ሆነዋል። እንደዚያም ሆኖ በበዓልና በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰሞን ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ ወረፋው አይቀርም።

ትንሽ ትንሽ የሚለቀም ብር

በእኛ ሙያ አንድ የታወቀ ነገር አለ። ትልቅ ዋጋ በአንድ ጊዜ ከተነገረው ደንበኛው ይደነግጣል፤ ያንኑ ዋጋ ቆራርጠው ቢነግሩት ግን አይደነግጥም። የመግቢያ ለብቻ፣ የመኪና ማቆሚያ ለብቻ፣ እያንዳንዱ ጨዋታ ለብቻ ይከፈላል። «ከውጭ ምግብና መጠጥ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ካለ ደግሞ ውሃና ብስኩት እንኳ በቦታው ዋጋ ይገዛሉ።

የምግብ ዝርዝሩንም እንይ። ብዙ ሆቴሎች ዋጋውን የሚጽፉት 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ቫት ሳይጨምሩ ነው። ቫቱ የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተደመረ በኋላ ስለሆነ፣ ዝርዝሩ ላይ 1,000 ብር ያዩት ምሳ ሒሳብ ሲመጣ 1,265 ብር ይሆናል። አምስት ሰው ይዘው ከሄዱ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ባለፈው ዓመት የእህቴን ልጆች ይዤ ወደ አንድ የልጆች መጫወቻ ሄጄ ነበር። እዚያ በጥሬ ብር መጫወት አይቻልም፤ ካርድ ማስሞላት ግድ ነው፤ የሚሞላውም በተወሰነ መጠን ብቻ ነው። ልንወጣ ስንል ካርዱ ላይ ለአንድ ጨዋታ እንኳ የማይበቃ ብር ቀረ። «ተመላሽ የለም፤ ሌላ ጊዜ ሲመጡ ይጠቀሙበት» ተባልኩ። እንደ ባለሙያ አሠራሩን አውቀዋለሁ፤ ደንበኛ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርግ ዘዴ ነው። እንደ አክስት ግን ተናድጃለሁ።

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ግን በቀኑ ስሜት ላይ ነው። በየአሥር ደቂቃው የሚከፈልበት ቦታ ወላጅን ገንዘብ ያዥ ያደርገዋል። ልጅ «እማዬ፣ አንዴ ብቻ ልድገም?» ሲል እናት መልሱን የምትፈልገው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ልጅም ይህን ቶሎ ይረዳል። አንዳንዱ አብዝቶ ይለምናል፣ አንዳንዱ ደግሞ የወላጁን ፊት አይቶ «አልፈልግም» ማለት ይጀምራል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳዝናል።

የሠለጠነው ዓለምም አልቀናውም

ይህ የእኛ ሀገር ችግር ብቻ አይደለም። ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1955 በካሊፎርኒያ ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 1 ዶላር ነበር፤ በእርግጥ ጨዋታዎቹ ለብቻ ይከፈልባቸው ነበር። ያ 1 ዶላር በኑሮ ውድነት ብቻ ቢያድግ ዛሬ 12 ዶላር ገደማ በሆነ። በ2024 መጨረሻ ግን በጣም ሰው በሚበዛባቸው ቀናት የአንድ ቀን ቲኬት 206 ዶላር ገብቶ ነበር። ወረፋ የሚያሳጥረው ፈጣን መግቢያ ከ1999 ጀምሮ በነፃ ይሰጥ ነበር፤ በ2021 በሚከፈልበት አገልግሎት ተተካ። ዛሬ እዚያ የሚሄድ ቤተሰብ ከጨዋታው በላይ የሚገዛው ያለመሰለፍን መብት ነው። ዋጋው ሲያድግ ወረፋው አልጠፋም፤ ወረፋው ራሱ ዕቃ ሆኖ ተሸጠ።

ልጅ ምን ያስታውሳል?

እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት የሥነ ልቦና ምሁር ዳንኤል ካህነማን ለወላጅ የሚጠቅም አንድ ነገር አሳይተዋል። ሰው ያለፈን ጊዜ ሲያስታውስ እያንዳንዱን ደቂቃ አይደምርም። የሚቀርለት ስሜቱ ጣሪያ የነካበት ቅጽበትና የቀኑ መጨረሻ ነው። የቆይታው ርዝመት ያን ያህል ቦታ የለውም።

ይህን ወደ ቤተሰብ ዕረፍት ስናመጣው ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ አምስት ቀን መሄድ ካልቻሉ ሁለት ቀንም ይበቃል። ሁለተኛ፣ ቀኑ በሒሳብ ክርክርና በመኪና መጨናነቅ ካለቀ ጥሩው ጨዋታ ይደበዝዛል። ስለዚህ «ስንት ጨዋታ አለው?» ከማለት ይልቅ «ልጆቹ አፋቸውን የሚከፍቱበት አንድ ነገር አለው ወይ? ቀኑስ እንዴት ያልቃል?» ብለን እንጠይቅ። በዚህ ሚዛን ደቡብ ወሎ ውስጥ ያሉትን ሐይቅንና አምባሰልን እንያቸው።

ሐይቅ፦ አንድ ጀልባና አንድ አሳ

የሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ስሟን የሰጣት ውሃ ከከተማዋ ብዙም አይርቅም። ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰብ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቢያንስ የሁለት ሌሊት ዕቅድ ይጠይቃል፤ በአውሮፕላን ለሚመጣ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ አለ።

እዚህ ጨዋታው ጥቂት ነው፤ ጥቅሙም እሱ ነው። ጀልባ አለ፣ ወፍ አለ፣ ዳርቻው ላይ የሚወረወር ጠጠር አለ፣ ምሳ ሰዓት ትኩስ የአሳ ጥብስ አለ። እናቴ የዚያው አካባቢ ልጅ ስለሆነች የእህቴን ልጆች ወስጃቸው አውቃለሁ። የስምንት ዓመቷ ልጅ ዛሬም የምታወራው ከሳህኑ ላይ ስላፈጠጠባት አሳ ነው፤ «ዓይኑን ሳይጨፍን ነው እንዴ የሚበላው?» ብላ ምሳውን አስቆመችን። ያን ጥያቄ ማንም ቲኬት አልቆረጠበትም።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ታሪክም አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን ታላቅ የትምህርት ማዕከል አድርገውታል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ከተማሩት አንዱ ናቸው። ቦታው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ፤ ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴቶች አይገቡም። ሴት ልጅዎ «እኔስ ለምን?» ማለቷ አይቀርም። ጥያቄዋን በቁጣ አይለፉት፤ የገዳሙን ሥርዓት ከቤት ሳይወጡ ያስረዷት። አባትና ወንድም ገዳሙን ሲያዩ እናትና ልጅ በጀልባ እንዲዞሩ ያቅዱ። ያኔ የቀኑ ምርጥ ሰዓት የእነሱ ሊሆን ይችላል።

አምባሰል፦ ዜማና ውል

ከሐይቅ ወደ ወልድያ ሲቀጥሉ የአምባሰል ወረዳ ይመጣል። አምባሰል ማለት ለልጆችዎ ምናልባት የተራራ ስም ብቻ ነው። ነገር ግን ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ በዚህ ስም ይጠራል። መኪና ውስጥ የማሪቱ ለገሠን ዘፈን ከፍተው «ይህ ቅኝት ስሙን ያገኘው ከዚያ ተራራ ነው» ቢሏቸው፣ መንገዱ ራሱ ጨዋታ ይሆናል።

ከውጫሌ ከተማ ብዙ ሳይርቅ ይስማ ንጉሥ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና ጣልያን የውጫሌን ውል የተፈራረሙበት ቦታ ነው። የአንቀጽ 17ን ነገር ለልጅ ማስረዳት ከባድ አይደለም። አማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በጣልያን በኩል ማድረግ ትችላለች ሲል፣ ጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። «ትችላለህ» እና «ግድ ነው» ምን ያህል እንደሚራራቁ የቤት ሥራ ያለበት ልጅ ጠንቅቆ ያውቃል። ያ ልዩነት እስከ ዓድዋ እንዴት እንዳደረሰ በቦታው ላይ ቆመው ይንገሩት።

ሒሳቡን በግልጽ እንነጋገር

ሐይቅ ነፃ ነው አልልም። የቤተሰብ ዕረፍት ወጪ ሦስት ኪስ አለው፤ መንገድ፣ ምግብና መኝታ፣ ጨዋታ። በከተማ መዝናኛ ገንዘቡን የሚበላው ሦስተኛው ኪስ ነው፤ ሐይቅ ሲሄዱ ደግሞ የመጀመሪያው ይከብዳል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነስተው ለአንድ ምሳ ብቻ ቢሄዱ አያዋጣም። የሚያዋጣው ከዘመድ ጥየቃ ጋር ሲጣመር ነው። ወሎ ውስጥ አያት ወይም አክስት ካለዎት የመኝታው ኪስ ይቀልላል፤ ልጆቹም ስልክ ላይ ብቻ የሚያውቋቸውን ሰዎች ያገኛሉ።

ሌላው ልዩነት ከጉዞው በፊት አብዛኛውን ወጪ ማወቅዎ ነው። የመንገዱን፣ የመኝታውን፣ የጀልባውን አስቀድመው ከቆረጡ ቀኑን ሙሉ ቦርሳ መክፈትና መዝጋት አይኖርም። ወላጅ ያኔ ከገንዘብ ያዥነት ይገላገላል።

የሚከፍሉት ብር የሚገባበትም እጅ ይለያል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና አካባቢውን ሲያዳርስ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ክልሉ በግጭት ውስጥ ሲቆይ፣ እንግዳ ጠባቂው ሁሉ ተጎድቷል። የጀልባው ቀዛፊ፣ አሳ ጠባሿ፣ ባጃጅ ነጂው የሚኖሩት በሚመጣ ሰው ነው። ይህ ግን ጥንቃቄን አይተካም። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ዕቅዱን ወደ ሌላ ጊዜ ማዛወር ብልህነት ነው።

ከመነሳትዎ በፊት

• እዚያው ለሚኖር ዘመድ ወይም ለሚያርፉበት ሆቴል ደውለው የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ያጣሩ። ከአንድ ሰው በላይ ይጠይቁ።

• የጀልባ ዋጋ ሳይሳፈሩ ይስማሙ፤ በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ደርሶ መልስ ነው ወይስ መሄጃ ብቻ? ለልጅ የሚሆን ላይፍ ጃኬት ከሌለ አይሳፈሩ።

• ልጆች ውሃው ውስጥ እንዲዋኙ አይፍቀዱ። ሐይቁ በአንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ በብዙ የሀገራችን ሐይቆች ዳርቻም ቢልሃርዚያ ያሰጋል።

• ምግብ ሲያዙ «ቫትና ሰርቪስ ይጨምራል?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ።

• መስከረም 21 በአምባሰል የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን መንገዱም ማረፊያውም ይጨናነቃል። ለንግሥ ካልሆነ በቀር ከትንንሽ ልጆች ጋር ሌላ ቀን ይምረጡ።

• ከጓደኞች ጋር የዕረፍት እቁብ ይጀምሩ። ወጪው ዓመቱን ሙሉ ስለሚከፋፈል ከነሐሴው የትምህርት ቤት ክፍያ ጋር አይጋጭም።

• የመጨረሻውን ሰዓት ያስቡበት። ጉዞው በችኮላ ሳይሆን አብሮ በመቀመጥ፣ በቡና እስከ በረካ፣ በተረት ይለቅ።

በከተማ መዝናኛ ቦታም ቢሆን ይህ ሚዛን ይሠራል። ለሸርተቴው የሚወጣውን ብር አስቀድመው ቆርጠው ለልጁ ይንገሩት፤ ወረፋ በማይበዛበት የሥራ ቀን ይሂዱ፤ ከመውጣትዎ በፊት አብራችሁ የምትስቁበት አንድ ነገር ያዘጋጁ። ዘንድሮ የትም ከመወሰንዎ በፊት ግን ዛሬ ማታ እራት ላይ ልጆችዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፤ «ባለፈው ዓመት ከሄድንባቸው ቀኖች የትኛውን ታስታውሳላችሁ?» መልሳቸውን ከደረሰኞቹ ጋር ያስተያዩት። የዘንድሮውን በጀት ከዚያ ይጀምሩ።