ኪትባሽንግ

ኪትባሽንግ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሞዴል ኪቶች ክፍሎችን ወስዶ በማጣመር በሳጥን የማይገኝ ሞዴል የመሥራት ዘዴ ነው። በፕላስቲክ አውሮፕላን ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የእውነተኛ አውሮፕላን ሞዴል ሲሠራ ኪቶቹ ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ መጠን (ለምሳሌ ሁሉም 1፡72) ይሆናሉ።

ጥሩ ምሳሌ የአሜሪካው ኤፍ-82 ትዊን ሙስታንግ ነው። ይህ ተዋጊ አውሮፕላን መጀመሪያ የበረረው በ1945 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሁለት ፒ-51 ሙስታንግ ጎን ለጎን የተጣበቁ ይመስላል። ሁለት የፒ-51 ኪቶችን ማጣበቅ ብቻ ግን አይበቃም። በእውነተኛው አውሮፕላን ከአብራሪው ክፍል በስተኋላ 1.45 ሜትር ያህል አካል ተጨምሯል፤ በ1፡72 ይህ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም አካሎች በቀጭን መጋዝ ተቆርጠው ይረዝማሉ። የግራው ክንፍ ከአንዱ ኪት፣ የቀኙ ከሌላው ይወሰዳል፤ መካከለኛው ክንፍና ጅራቶቹን የሚያገናኘው አግድም ክፍል ግን ከፕላስቲክ ሉህ ይሠራሉ። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን አሟሙቶ ያዋህዳል፣ የቀረው ክፍተት በስቱኮ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፕሮፔለሩ ነው፤ የኤፍ-82 ሁለት ፕሮፔለሮች የሚዞሩት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ፣ የአንደኛው ምላጮች ጠመዝማዛነት መገልበጥ አለበት።